«5 ጊጋ» ተብሎ የተገዛው ዲስክ ለምን 36 ላይ ይቆማል?

ጥያቄው፦ «ጋሼ እንዴት ሰነበቱ? ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። የሰርግና የምርቃት ሥራ ነው የምሠራው። ፎቶውም ቪዲዮውም ዴስክቶፔ ውስጥ ባለው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ አሁን ወደ 900 ጊጋባይት ደርሷል። በየሳምንቱ እሁድ ማታ ሁሉንም ወደ ኤክስተርናል ኮፒ አደርጋለሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሬ ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳል፤ ጠዋት ስገባም አንዳንዴ አላለቀም። ‹ዩኤስቢ 3 ነው፣ 5 ጊጋ ይሄዳል› ተብዬ አዲስ ኤክስተርናል ገዛሁ። ለውጥ የለውም። ትልልቅ ቪዲዮ ላይ 36 ሜጋባይት በሰከንድ ይላል፤ ፎቶ ፎልደሮች ጋ ሲደርስ ደግሞ 4 እና 5። አሁን ‹10 ጊጋ የሚሄድ ኤስኤስዲ ግዛ› እያሉኝ ነው። ልግዛ ወይስ ኮምፒውተሩን ልቀይር? ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹በኢንተርኔት ላክልኝና እኔ ጋም ይቀመጥ› ይለኛል።»

ወንድሜ፣ አብሽር። ብሩን ለጊዜው ኪስህ አቆየው። ኤስኤስዲውንም አትግዛ፣ ኮምፒውተሩንም አትቀይር፤ መጀመሪያ የሚታይ ነገር አለ።

የመልሱን ግማሽ ራስህ ጽፈኸዋል፤ 36 ሜጋባይት። የኮምፒውተር ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ወዲያው የሚጠረጥረው አንድ ነገር ነው። ዲስክህ ዩኤስቢ 3 ይሁን እንጂ አሁን እየሠራ ያለው በዩኤስቢ 2.0 ነው። የደከመው ዲስኩ ቢሆን ኖሮ አንዴ 60፣ አንዴ 20 እያለ ይዋዥቅ ነበር። ትልልቅ ቪዲዮ ላይ 35፣ 36፣ 37 እያለ አንድ ቦታ ችክ ካለ የያዘው መስመሩ ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ላሳይህ። ሱቅ ውስጥ የነገሩህ «5 ጊጋ» ጊጋቢት ነው። ዊንዶውስ ኮፒ ሲያደርግ የሚያሳይህ ደግሞ ሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ቁጥር መጀመሪያ ለ8 አካፍለው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው፤ ለ8 ሲካፈል 60 ሜጋባይት። 60ውም ግን ሙሉውን እጅህ አይገባም። በመስመሩ ላይ የሚሄደው ያንተ ፎቶ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሩና ዲስኩ «ላክ፣ ደረሰኝ፣ ቆይ፣ ቀጥል» የሚባባሉትም እዚያው ላይ ነው። ያ ሁሉ ሲቀነስ የሚተርፈው ከ30 እስከ 40 ነው።

ዩኤስቢ 3.0 የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። 5 ጊጋቢት የሚባለው ይሄ ነው። እዚህ ጋ ለ8 ማካፈልም አይበቃም፤ እያንዳንዱ 8 ቢት ሲላክ 10 ቢት ሆኖ ነው የሚላከው። ለ10 አካፍለውና ጣሪያው 500 ሜጋባይት ይሆናል። በተግባር ፈጣን ዲስክ ከተሰካበት 400 ገደማ ታያለህ። ከ36 ጋር ሲተያይ ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ያንተ ኤክስተርናል 400 ይሰጣል ማለት ግን አይደለም፤ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ዩኤስቢ 3 የሆነ ዲስክ ለምን በዩኤስቢ 2 ይሠራል?

መጀመሪያ ኬብሉን አገላብጠህ እየው። የብዙ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኬብል በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ ሰፋ ብሎ ጠፍጣፋ ነው። ልብ ብለህ ካየኸው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። ሰፊው ክፍል የድሮ ስልክ ቻርጀር ጫፍን ይመስላል። መምሰል ብቻም አይደለም። የድሮ ስልክ ቻርጀር ኬብል ብትሰካበት ልክክ ብሎ ይገባል። መብራቷ ትበራለች፣ ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ፋይሉ ይከፈታል። ኮምፒውተሩም አያማርርም። ግን ፈጣኑ መስመር ያለው ጠባቡ ክፍል ውስጥ ባሉት 5 ፒኖች ላይ ነው። የስልክ ኬብል እነሱን አይነካቸውም። ፎቶ ቤት ውስጥ ደግሞ ኬብል እንዴት እንደሚቀያየር ታውቃለህ። አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይነቅላል፣ ሌላው እጁ የገባለትን ይሰካል። ከዲስኩ ጋር በካርቶን የመጣው ኬብል የት እንዳለ ፈልገው።

በኮምፒውተሩ በኩል ያለውንም ጫፍ እየው። ወደ ውስጡ ስታይ የዩኤስቢ 2 ኬብል 4 ፒን ነው ያለው። ዩኤስቢ 3 ከነዚያ ኋላ ሌላ 5 ተጨማሪ አለው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ሰማያዊ ነው። ግን በቀለሙ ብቻ አትተማመን፤ ጥቁር አድርገው የሚሠሩም አሉ። ከዩኤስቢው ምልክት አጠገብ ሁለት የእንግሊዝኛ «ኤስ» ፊደል ካለ ፈጣኑ ነው።

ቀጥሎ ፖርቱ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መሰኪያ ማለት ነው። ለእጅ ስለሚቀርብ ዲስኩን ከፊት ለፊት ነው የምትሰካው ብዬ እገምታለሁ። ያገለገሉ ዴስክቶፖች ላይ የፊቶቹ ፖርቶች ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 2 ናቸው። ሰማያዊዎቹ ካሉ ከኋላ፣ ከሞኒተሩ ኬብል አካባቢ ነው የምታገኛቸው። የኮምፒውተሩንም ዕድሜ ተመልከት። ኢንቴል ዩኤስቢ 3ን በራሱ ቺፕሴት (ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ዋና ቺፕ) ላይ ያስገባው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔም ቢበዛ 4 ፖርት ብቻ ነበር፣ የቀሩት ሁሉ ዩኤስቢ 2 ናቸው። እዚህ ከተማ ውስጥ በአገልግሎት ላይ ያሉ ዴልና ኤችፒ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ናቸው። ስለዚህ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም ዓይነት ተቀላቅሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ከሆንክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዊንዶውስ 7 ከራሱ ጋር የዩኤስቢ 3 ድራይቨር (ፖርቱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ይዞ አልመጣም። ድራይቨሩን ለብቻው ካልጫንክለት ሰማያዊው ፖርት ጨርሶ ላይሠራ ይችላል።

ሃብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚከፍል ዕቃ) ወይም ማራዘሚያ ኬብል መሃል ካለ አውጣው። ዩኤስቢ 2 ሃብ መሃል ላይ ከገባ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ዩኤስቢ 2 ነው።

አንዲት የምትገርም ነገርም አለች። ኬብሉን ቀስ አድርገህ ስትሰካ መጀመሪያ የሚነካኩት የዩኤስቢ 2 ፒኖች ናቸው። ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት «ዩኤስቢ 2 ነው» ብሎ ይመዘግብና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ንቀለው፣ ፈጠን አድርገህ እስከ መጨረሻው ስካው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን አንዳንዴ ነገሩ በዚህ ብቻ ይፈታል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተህ የተሰኩ ዕቃዎች ዝርዝር ጋ የዲስክህን ስም ፈልግ። በትክክል ከተገናኘ ከስሙ ሥር ከዩኤስቢ 3.0 ጋር መገናኘቱን ይነግርሃል። ካልነገረህ ኬብል ወይም ፖርት ቀይረህ ድገመው።

ኮምፒውተሩ ከነጭራሹ ዩኤስቢ 3 ከሌለውስ? ያኔም ኮምፒውተር አይቀየርም። ማዘርቦርዱ ላይ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባል ክፍት ስሎት ካለ የዩኤስቢ 3 ካርድ ይገባበታል። ከኮምፒውተር ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ስትገዛ ከፓወር ሰፕላይ ተጨማሪ መብራት የሚቀበለውን ምረጥ፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኃይሉን የሚያገኘው ከፖርቱ ነው። ኃይል ሲያንሰው ጭጭ፣ ጭጭ እያለ ይጠፋል፣ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ አስተካከልክ እንበል። አሁን ስንት ታያለህ? 400 አይደለም። ትልልቅ ቪዲዮ ላይ 100፣ ጥሩ ሲሆን 130 አካባቢ። ምክንያቱም አሁን የያዘህ ዩኤስቢው ሳይሆን ዲስኩ ራሱ ነው። በኪስ የሚያዙት ሃርድ ዲስኮች ብዙዎቹ በደቂቃ 5,400 ዙር ነው የሚሽከረከሩት። ከዚያ በላይ ማንበብም መጻፍም አይችሉም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስትወርድ ላንድክሩዘርም ያዝ አባዱላ፣ ፊትህ የተጫነ ተሳቢ ካለ የምትሄደው በተሳቢው ፍጥነት ነው። ባክአፕም እንደዚያው ነው። መነሻው ዲስክ፣ ኬብሉ፣ ፖርቱ፣ መድረሻው ዲስክ፣ ሁሉም ተደርድረው ይሄዳሉ፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ ቀርፋፋው ነው።

ለማንኛውም ከ36 ወደ 110 መድረስ ትንሽ ለውጥ አይደለም። 900 ጊጋባይት በ36 ስትሄድ 7 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ብትጀምር ሌሊት 9 ሰዓት ማለት ነው፤ ትንንሾቹ ፋይሎች ሲጨመሩበት ነው ጠዋት የሚደርሰው። በ110 ግን 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው።

አንድ ነገር አስተውል። ሃርድ ዲስክ ሲጀምርና ሲሞላ እኩል አይሮጥም። ጽሑፉ የሚጀምረው ውስጡ ከሚሽከረከረው ሳህን ውጫዊ ጠርዝ ነው፤ እዚያ አንድ ዙር ብዙ መረጃ ይይዛል። ወደ ውስጥ እየገባ ሲሄድ ዙሩ እያጠረ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ዲስክህ 1 ቴራ ከሆነ ዊንዶውስ የሚያሳይህ 931 ጊጋ ነው። 900 ስትጭንበት ጫፉ ላይ ነህ። መጨረሻው ላይ 60 ብታይ አትደንግጥ፤ ይልቅ ትልቅ ዲስክ የምታስብበት ጊዜ እንደደረሰ ዕወቅ።

ሌላም አለ። አሁን የሚወጡት ብዙዎቹ የኪስ ሃርድ ዲስኮች መስመሮቻቸውን እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱን ባንዱ ላይ ደርበው ነው የሚጽፉት፤ ኤስኤምአር ይባላል። ሲጀምሩ 110 ይላሉ፣ ረጅም ጽሑፍ ሲበዛባቸው ወደ 20 እና 30 ይወድቃሉ፣ ከዚያ ይነሳሉ፣ እንደገና ይወድቃሉ። ለባክአፕ መጥፎ ናቸው አልልም፤ ርካሽ ናቸው፣ ሥራውን ይሠራሉ። ግን እንዲህ ሲያደርጉ ካየህ ኬብል አትቀይር፤ ተፈጥሯቸው ነው።

አሁን ወደ 4 እና 5ቱ። ይሄ ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

5,400 ዙር የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚያነበውና የሚጽፈው ጭንቅላት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ለመዝለል ደግሞ ሌላ 10፣ 12 ሚሊሰከንድ። አንድ ትንሽ ፋይል ሲጻፍ ፋይሉ ብቻ አይደለም የሚጻፈው። ስሙ ይመዘገባል፣ ቦታው ይመዘገባል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። እነዚህ ሁሉ ዲስኩ ላይ የተለያየ ቦታ ናቸው፤ ጭንቅላቱ ወዲያ ወዲህ ይላል። በአንድ ፋይል 50 ሚሊሰከንድ ያህል ይጠፋል ብንል በሰከንድ 20 ፋይል ነው። ፋይሉ 200 ኪሎባይት ከሆነ 20 ጊዜ 200፣ በሰከንድ 4 ሜጋባይት። ያንተው ቁጥር መጣ። 5 ጊጋም ስካበት 40 ጊጋ፣ ያው 4 ነው። ጊዜው የሚባክነው መስመር ላይ ሳይሆን ዝላይ ላይ ነው። ማየት ከፈለግህ ኮፒው እየሄደ ታስክ ማናጀርን ክፈትና ፐርፎርማንስ ውስጥ ዲስኩን ምረጥ። አክቲቭ ታይም 100 ከመቶ፣ ፍጥነቱ ግን 4 ሜጋባይት ካየህ ዲስኩ እየዘለለ ነው።

ግን ያንተ ፎቶዎች 200 ኪሎባይት ናቸው እንዴ? አይደሉም። የካሜራህ ጥሬ ፎቶ አንዱ 20፣ 25 ሜጋባይት ነው፤ ያ ፋይል ደህና ይሄዳል። ፍጥነቱን የሚገድሉት ሌሎች ናቸው። ለፎቶ ኤዲቲንግ ላይትሩም የምትጠቀም ከሆነ ካታሎግህ (የኤዲቲንግህ መዝገብ) አጠገብ ስሙ ላይ «ፕሪቪውስ» የሚል ፎልደር አለ። ውስጡ ስክሪን ላይ ቶሎ እንዲታይ ተብለው የተቀነሱ የፎቶዎችህ ቅጂዎች ናቸው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች። የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ፕሪሚየር ፕሮም እንደዚሁ ሥራ ለማፍጠን የሚይዛቸውን የሚዲያ ካሽ ፋይሎች ያጠራቅማል። እነዚህን ባክአፕ ማድረግ አያስፈልግም! ቢጠፉ ፕሮግራሙ ራሱ መልሶ ይሠራቸዋል። ከባክአፑ አውጣቸው። ካታሎጉን ግን እንዳትተው። እሱ ከጠፋ ፎቶው ላይ የሠራኸው ኤዲቲንግ ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። የፕሪሚየር ፕሮጀክት ፋይሎችም እንደዚሁ። መጠናቸው ትንሽ ነው፣ ዋጋቸው ትልቅ ነው።

ለደንበኛ በቴሌግራም ልትልክ ያሳነስካቸው ጄፔጎችስ? ያለቀ ሥራ ከሆነ ፎልደሩን በአንድ ዚፕ ፋይል ጠቅልለው። ዚፑን ስትሠራ ማመቅ አያስፈልግም። ጄፔግ ራሱ የታመቀ ስለሆነ አንተ ብትደግመው ፕሮሰሰሩን ከማድከም በቀር የሚቀንስልህ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ሺህ ጊዜ መዝለል ቀርቶ አንድ ረጅም ፋይል ነው የሚጻፈው። ጸረ ቫይረስህም እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ እያየ ከሆነ ያዘገያል፤ እሱን ግን አጥፋው አልልህም። ደንበኛ ባመጣው ፍላሽ ስንት ቫይረስ እንደሚገባ አንተም ታውቃለህ።

ወደ ኤስኤስዲው እንምጣ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ሳህን የለውም፣ የሚዘልም ጭንቅላት የለውም። ትንንሽ ፋይል ላይ ከሃርድ ዲስክ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን አንተ የምትገለብጠው ከሃርድ ዲስክ ነው። ዴስክቶፕህ ውስጥ ያለው ዲስክ በሰከንድ 150 ቢያነብ ነው። መድረሻው በሰከንድ 1,000 ሜጋባይት መቀበል ቢችልም የሚደርሰው 150 ነው። ትንንሾቹ ፋይሎች ጋም የመነሻው ዲስክ እየዘለለ ስለሚያነብ ከጠበቅከው በታች ይሆናል። ፖርትህም 5 ጊጋ ከሆነ «10 ጊጋ» የሚለው ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ይቀራል። ርካሾቹ ኤስኤስዲዎች ደግሞ ፈጣኗ ጊዜያዊ ማከማቻቸው (ካሽ) እስክትሞላ ነው የሚሮጡት። መቶ ጊጋ ባንዴ ስትጭንባቸው አንዳንዶቹ ከሃርድ ዲስክ በታች ይወርዳሉ።

ኤስኤስዲ ለመግዛት ቆርጠህ ከሆነ ግን ለባክአፕ ሳይሆን ለሥራ ግዛው። ዴስክቶፑ ውስጥ አስገባው፣ ዊንዶውሱንና አሁን የምትሠራበትን ሰርግ እሱ ላይ አድርግ። ኤዲቲንጉ ይፈጥንልሃል፤ ገንዘብ የምታገኘውም በዚያ ነው። ያለቀ ሥራ ወደ ሃርድ ዲስክ ይሂድ። ሳጥን ውስጥ ከርሞ ለሚቀመጥ ቅጂ እኔ አሁንም ሃርድ ዲስክን ነው የምመርጠው። በብሩ ልክ ብዙ ቦታ ታገኛለህ፤ ኤስኤስዲ ደግሞ መብራት ሳያገኝ በጣም ረጅም ጊዜ ከተቀመጠ የያዘውን ሊያጣ ይችላል።

ስለ ስሞቹ በአጭሩ፤ ሱቅ ውስጥ እንዳትታለል። ዩኤስቢ 3.0፣ ዩኤስቢ 3.1 ጄን 1 እና ዩኤስቢ 3.2 ጄን 1 አንድ ናቸው፤ ሦስቱም 5 ጊጋቢት። ስሙን ነው የቀያየሩት። 10 ጊጋ የሆነው «ጄን 2» የሚለው ነው። ታይፕ ሲ ደግሞ የጫፉ ቅርጽ እንጂ ፍጥነት አይደለም። ከስልክ ጋር የሚመጣ የታይፕ ሲ ቻርጅ ኬብል ብዙ ጊዜ ውስጡ ዩኤስቢ 2 ነው። ካርድ ሪደርህንም እየው። ካሜራህ ውስጥ ያለው ሜሞሪ ካርድ ዩኤችኤስ 1 ከሆነ ጣሪያው 104 ሜጋባይት ነው፤ በዩኤስቢ 2 ሪደር ስታወርደው ግን ያው 36 ላይ ትቆማለህ። ሰርግ በተደራረበበት የጥር ሳምንት ይሄ ብቻውን ስንት ሰዓት እንደሚበላብህ አስበው።

የወንድምህን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፤ መንገዱን ግን አልወደድኩትም። መስመርህ ሲልክ እውነተኛ 10 ሜጋቢት ቢሰጥህ እንኳ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው። 900 ጊጋባይት በዚህ ፍጥነት ሌት ተቀን ሳይቋረጥ ከ8 ቀን በላይ ይፈጃል። መብራት አይጥፋ፣ ኔትወርክ አይቋረጥ ብለህ ነው እንግዲህ። ኢንተርኔቱን ለካታሎጉ፣ ለፕሮጀክት ፋይሎችና ለተመረጡ ፎቶዎች ተጠቀምበት።

ኮምቦልቻ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች። 1 ቴራባይት ዲስክ ቦርሳህ ውስጥ ከተህ ሚኒባስ ተሳፍረህ በአንድ ሰዓት ብትደርስ በሰከንድ ከ2 ጊጋቢት በላይ እያስተላለፍክ ነው። ይህን የሚያህል መስመር ደግሞ ፎቶ ቤትህ ድረስ ማንም አያስገባልህም። ሁለት ዲስክ ይኑርህ። አንዱ ደሴ፣ አንዱ ወንድምህ ጋ። በወር አንዴ ስትሄድ ትቀያይራቸዋለህ። ሱቁ ውስጥ ሌባ ቢገባ ወይም እሳት ቢነሳ የሰው ሰርግ አብሮ አይጠፋም።

ቢሮህ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ካለህና በኔትወርክ ኬብል ልገልብጥ ካልክ ደግሞ ራውተሩን እየው። ርካሾቹ ራውተሮች ፖርታቸው 100 ሜጋቢት ነው፤ ከ11 ሜጋባይት አያልፍም። ጊጋቢት ስዊች ከሆነ 110 ትደርሳለህ። ጊጋቢት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን 8 ሽቦዎች በሙሉ ይፈልጋል። አንዷ ብትበጠስ ወይም ኬብሉን የገጠመው ሰው 4 ብቻ አስገብቶ ከሆነ ምንም ሳይነግርህ ወደ 100 ይወርዳል። ዋይፋይን ለዚህ ሥራ እርሳው።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገርህ። ችግርህ የፍጥነት ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ 900 ጊጋ ለምን ትገለብጣለህ? ከዚያ ውስጥ ባለፈው እሁድ ያልነበረው ስንት ነው? በ4ኬ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ የአንድ ሰዓት ቪዲዮው 45 ጊጋባይት ነው። ሁለት ሰርግ ብትሠራ ፎቶውን ጨምሮ 120 ጊጋ ገባ እንበል። 120 ጊጋ በዚያው በምትረግመው 36 ፍጥነት እንኳ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። በ110 ደግሞ 18 ደቂቃ። ቀሪው 780 ጊጋ ዲስኩ ላይ ያለ ነገር ነው፤ በላዩ ላይ እየደገምክበት ነው።

ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም በነጻ አለ። ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ ሮቦኮፒ የሚባል ትእዛዝ አለ። ጥቁር መስኮት ላይ መጻፍ ካልወደድክ ፍሪፋይልሲንክን አውርድ። ሁለቱም መነሻውንና መድረሻውን አወዳድረው አዲሱንና የተቀየረውን ብቻ ይገለብጣሉ። ፕሪቪውስ ፎልደሩን እንዲዘለው አንዴ ትነግረዋለህ፣ በቃ። ግን ተጠንቀቅ። «ሚረር» የሚለውን ከመረጥክ ከዴስክቶፑ የጠፋውን ፋይል ከባክአፑም ላይ ያጠፋዋል። ማክሰኞ በስህተት የሰረዝከውን ሰርግ እሁድ ማታ ባክአፑም ይሰርዘዋል ማለት ነው። አንተ «አፕዴት» የሚለውን ተጠቀም። እሱ ይጨምራል እንጂ አይሰርዝም።

«እንዲህ ከሆነማ ኬብሉን ለምን አስተካክላለሁ?» ትለኝ ይሆናል። ዴስክቶፕህ ውስጥ ያለው ዲስክ የሞተ ቀን ነዋ። ያኔ 120 ጊጋ ሳይሆን 900ውን በሙሉ ነው የምትመልሰው። ሙሽሮቹ አልበማቸውን እየጠበቁ፣ አንተ 7 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት ከሩብ። የዩኤስቢው ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚሰማህ ያን ቀን ነው።

የቀሩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ዲስኩን ፎርማት ስታደርግ ኤንቲኤፍኤስ አድርገው፤ ኮፒ እየሄደ መብራት ቢጠፋ ኤግዝፋት ከሚባለው ሌላ ፎርማት ይልቅ እሱ ይቋቋማል። ፋት32 ከሆነማ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ቪዲዮ አይቀበልም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ካለህ ዴስክቶፑን ብቻ ሳይሆን ሞኒተሩንም እሱ ላይ ሰካ፤ ምን ላይ እንደደረሰ ሳታይ ምን ልትዘጋ? ኮፒው እንዳለቀ ኢጀክት ሳትል አትንቀል። ካለቀ በኋላም ተሰክቶ አይደር። ፋይል ቆልፎ ብር የሚጠይቅ ቫይረስ ከገባ የተሰካውን ሁሉ ነው የሚቆልፈው።

ወንድምህ ጋ የሚቀመጠውን ዲስክ ቆልፈው፤ የሰው ቤተሰብ ፎቶ ነው ያለበት። ዊንዶውስህ ፕሮ ከሆነ ቢትሎከር አለው። ፍጥነቱን ይቀንስብኛል ብለህ አትስጋ፤ የኮምፒውተርህ ፕሮሰሰር እጅግ አሮጌ ካልሆነ ሃርድ ዲስኩ ራሱ ከሱ ቀድሞ ይደክማል። የሚሰጥህን ረጅሙን የማስከፈቻ ቁጥር ግን ጽፈህ ደሴ አስቀምጠው። እሱም የይለፍ ቃሉም ከጠፋ ዲስኩን እኔም ሌላም አንከፍትልህም።

መጀመሪያ ግን ዛሬውኑ ከኋላ ጎንበስ ብለህ ፖርቶቹን እይ። ሰማያዊ ካጣህ የኮምፒውተሩን ሞዴል ጻፍልኝ፤ ካርዱ የሚገባበት ስሎት እንዳለው አይቼ እነግርሃለሁ።